ስለ ቤኒ ሻንጉል የተጻፈውና ያልተጻፈው

የጦርነትን ግፍ የሚጽፍ ሰው ሁለት ፈተና ይደርስበታል። አንደኛው ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጨመር ነው፤ ሁለተኛው የሆነውን ጠላት ይጠቀምበታል ብሎ መሸሸግ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተነግሯል፤ ቍጥር አበዛህ፥ ቍጥር አሳነስህ እየተባባሉ የሚከራከሩ ጸሓፊዎች በየዘመኑ አልጠፉም። ስለ ሁለተኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በአሶሳና በዙሪያዋ ስላለው ስለ ቤኒ ሻንጉልና ስለ ጉሙዝ አገር የተጻፉትን መጻሕፍት ገልጦ ለሚመለከት ሰው፥ ከፊተኛው ይልቅ ሁለተኛው ፈተና የበረታ ሆኖ ይታየዋል።

በ1927 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ የኢጣልያ መንግሥት በጄኔቭ ከተማ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በፎቶግራፍ የተደገፈ ረዥም የክስ ጽሕፈት አቀረበ። ሐሳቡም ኢትዮጵያ ባሪያ የሚፈነገልባትና የሚሸጥባት አገር ስለ ሆነች፥ በ1916 ዓ.ም. የገባችበት ማኅበር አባል ልትሆን አይገባትም የሚል ነበረ። ይህን የጻፈው እጅ ለተፈነገሉት ሰዎች ያዘነ እጅ አልነበረም። ክሱ በሚነበብበት ጊዜ የኢጣልያ መርከቦች ወታደርና መድፍ ጭነው ወደ ምጽዋ ይመላለሱ ነበር፤ አንድ ወር ያህል ቈይቶም ጦሩ መረብን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ የባሪያ ፍንገላን ነገር የሚያነሣ ሰው ሁሉ የኢጣልያን ቃል እንደሚደግም ተቈጠረ። ከሳሹ ሐሰተኛ ነውና የተከሰሰበትም ነገር ሐሰት ነው የሚል አነጋገር በየጽሕፈቱ ሥር ሰደደ። ይህ አነጋገር ግን በማናቸውም ዳኛ ፊት አይጸናም። ሌባ ቤት ተቃጠለ ብሎ ቢጮኽ፥ ሌብነቱ እሳቱን አያጠፋውም።

የሆነውስ ምን ነበር? በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘምተው አገሩን ያዙ። የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ ኋላም ተፈትተው ወርቅ ሊገብሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1930 ዓ.ም. ገደማ እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ከዚያ አገር ታሪክ አልተለየም። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው የወሰን ውል ቤኒ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። ነገር ግን ከአሶሳ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ግብር ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበረበት። የሼኩ ባለቤት ሲት አምናም በወሰኑ ላይ በሚደረገው የባሪያ ንግድ ስማቸው ስለ ገነነ፥ በመጨረሻ የሱዳን መንግሥት ያዛቸው። በ1916 ዓ.ም. ባሪያን ነፃ የሚያወጣ ዐዋጅ በአዲስ አበባ ሲነገር፥ ከዐዋጁ እስከ ቆላው የነበረው መንገድ እጅግ ረዥም ነበር።

ይህን የጻፈ የኢጣልያ ጋዜጠኛ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማረው አብዱስሰመድ አሕመድ፥ በፈረንጆች 1999 ባሳተመው ጥናት ከ1897 እስከ 1938 በቤኒ ሻንጉልና በጉሙዝ አገር የተደረገውን የባሪያ ንግድ መርምሮ አቅርቧል። ከእርሱ አስቀድሞ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የተባለ ሊቅ፥ ከ1800 ገደማ እስከ 1898 ያለውን የዚያን አገር ታሪክ ከሽማግሎች አፍ እየሰበሰበ በ1981 መጽሐፍ አወጣ። ትሪዩልዚ ኢጣልያዊ ነው። አባቶቹ ያገሩን ሰቈቃ ለወረራ ምክንያት አደረጉት፤ እርሱ ግን የአገሬውን ሰው ተቀምጦ አዳመጠው። የአንድ ሕዝብ ስም በአንድ ሚዛን እንዳይመዘን ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። ዌንዲ ጄምስ የተባለችው እንግሊዛዊት ደግሞ በ1979 ባወጣችው መጽሐፍ፥ ከወሰኑ ማዶ የሚኖሩት የኡዱክ ሰዎች ስለ ተፈነገሉት ወገኖቻቸው የሚናገሩትን መዝግባለች። ወሰን ያበጁት መንግሥታት የማያውቁትን ነገር በወሰኑ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ያውቁት ነበር።

በአገር ውስጥ የተጻፈው ሌላ ጠባይ አለው። የሱስንዮስና የታላቁ ኢያሱ ዜና መዋዕሎች ወደ ምዕራቡ ቆላ የተደረገውን ዘመቻ ሳይሸሽጉ ይተርካሉ። ጸሓፌ ትእዛዙ የሚሸሽግበት ምክንያት አልነበረውም፤ ለእርሱ ይህ የጌታው ክብር ነው። ስለዚህ የዜና መዋዕል ትምክሕት ከጠላት ክስ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው፤ ሰው በራሱ ላይ አጥብቆ የሚመሰክረው የሚመካ መስሎት ሲናገር ነውና። ዛሬ ስለ ነገሥታቱ ጀግንነት እነዚያን ገጾች የሚጠቅስ ጸሓፊ፥ ስለ ምርኮኛው ሲጠየቅ ዜና መዋዕል ያጋንናል ብሎ ቢመልስ፥ በአንዱ ገጽ አምኖ በአንዱ ገጽ መካዱን አንባቢ ያስተውልበታል።

የእነዚህ ዜና መዋዕሎች ጕድለት ግን ማጋነን አይደለም። የዘመቻው አለቆች ስም፥ የሰፈሩበት ስፍራ፥ በዓሉን ያከበሩበት ቀን ይጻፋል፤ የሞተውና የተማረከው ሕዝብ ግን ሻንቅላ በሚል አንድ የንቀት ስም ተጠቅልሎ ይታለፋል። ጉሙዝ ይሁን በርታ፥ ማኦ ይሁን ኮሞ አይለይም። ራሱን በዚያ ስም የሚጠራ ሕዝብ የለም፤ የጠሪው ስም እንጂ የተጠሪው አይደለም። ይህ ስም በጽሕፈት ላይ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ የሙታኑን ዘር ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ መንደሩ መሄድ ግድ ሆነበት። አብዱስሰመድና ትሪዩልዚ ከብራናው ይልቅ በሽማግሎች ቃል የተደገፉት በዚህ ምክንያት መሆኑ ይታወቃል።

የሽማግሎች ቃል አይታመንም የሚል ሰው አለ። ለዚህ ሰው መልስ የሚሆነው የራሱ የአዲስ አበባና የደብረ ሊባኖስ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ ጥቂት መሻገር ያስፈልጋል።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ሦስት ቀን በአዲስ አበባ ስለ ተደረገው እልቂት ሦስት ዐይነት ቍጥር ይነገራል። የኢትዮጵያ መንግሥት በፈረንጆች 1946 በፓሪስ ለተደረገው የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ጽሕፈት 30,000 ሰው ተገደለ አለ፤ በወረራው ዘመን ሁሉ ያለቀውንም 760,300 ብሎ ደመረ። በኢጣልያ በኩል የተጻፈው ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺሕ ይላል። ኢያን ካምቤል ደግሞ በ2017 ባወጣው መጽሐፍ 19,200 ያህል ነው ብሎ ገመተ። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ አገር ወዳድ ጸሓፊ ካምቤልን እንደ ቀናሽ አየው፤ ከ30,000 ላይ 10,800 ሰው ወሰደብን እንደ ማለት ነው።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ክርክር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ሰሙን ቢያበላሽ፥ መምህሩ ሰሙን ያቀናለታል እንጂ ወርቁን አይጥልበትም። በግፍ ታሪክ ቍጥሩ ሰም ነው፤ የሆነው ነገር ወርቅ ነው። ካጂው ሰሙን ሰብሮ ወርቅ አልነበረም ይላል፤ አጋናኙም ሰም እየጨመረ ወርቁ የበዛ ይመስለዋል። የትርጓሜ መጻሕፍት መምህራን ሥርዐት ከዚህ ይልቅ ይረዳል። መምህራኑ አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ሲፈቱ አንድም እያሉ ጐን ለጐን ያኖሩታል፤ አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋው አይፈቅዱም። ሆኖም ይህ የላይ ቤት ነው፥ ይህ የታች ቤት ነው ብለው የወጣበትን ቤት ሳይናገሩ አያልፉም። ለሙታን ቍጥርም የሚገባው ይኸው ነው። ከየት ቤት እንደ ወጣ የማይታወቅ ቍጥር ቢሰማ እንጂ ሊጠቀስ አይገባውም።

በዚህ ሥርዐት ሲታይ 30,000 የወጣው ከካሣ ጠያቂ ቤት ነው። ካሣ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ጽሕፈት ውስጥ በጦር ሜዳ የሞተው 275,000፥ በመንደሮች መጥፋት ያለቀው 300,000 እየተባለ የተመደበው ሁሉ በመቶ የተጠጋጋ መሆኑ፥ ከመቃብር የተለቀመ ቍጥር አለመሆኑን ይናገራል። የኢጣልያው ቍጥር የወጣው ከተከሳሽ ቤት ነው። 19,200ም ግምት ነው፤ ነገር ግን ገማቹ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ በመጽሐፉ ስላሳየ፥ የሚቃወመው ሰው የትኛውን ደረጃ እንደሚቃወም ያውቃል። ይህ ጸሓፊ ለሙታኑ ያደረገው ውለታ ቍጥሩን ከፍ ባደረገው ጸሓፊ ውለታ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

የደብረ ሊባኖስ ነገር ይብስ ያስተምራል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰት በዓል በሚከበርበት ሰሞን በገዳሙ ስለ ተፈጸመው ግድያ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው ቴሌግራም አለ። 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፥ ኋላም 129 ዲያቆናት ተረሸኑ ይላል፤ ድምሩ 449 ነው። ብዙ ዘመን የታመነው ይህ ብቻ ነበር፤ የገዳዩ የገዛ ጽሕፈት ስለ ሆነ ከቶ የማይጠረጠር መስሎ ነበርና። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ወደ ስፍራው እየሄዱ፥ በሕይወት ያሉትን ሽማግሎች እየጠየቁ፥ በፈረንጆች 1997 ባወጡት ጥናት የሞቱት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገለጡ። በጽሕፈት የታተመው ቃል ከሽማግሎች ቃል ይልቅ ያነሰ እውነት ይዞ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች አንዱን ቍጥር መርጠው በድፍረት አለመናገራቸው፥ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አኑረው መተዋቸው የሥራቸውን ንጽሕና ያሳያል።

ስለ መርዝ ጢስም እንዲሁ ነበር። በኢጣልያ ጦር ውስጥ የነበረው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፥ እኔ እዚያ ነበርኩ፥ ጢስ አላየሁም እያለ ዘመኑን ሁሉ ሲከራከር ኖረ። አንጄሎ ዴል ቦካ ከመዝገብ ቤት ወረቀቱን አውጥቶ አሳየ፤ በፈረንጆች 1996 የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስትር ነገሩ እውነት መሆኑን ለምክር ቤቱ አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ነበርኩ ማለት አየሁ ማለት እንዳልሆነ፥ አላየሁም ማለትም አልሆነም ማለት እንዳይደለ ለማስረዳት ስድሳ ዓመት ፈጀ።

እንግዲህ የአዲስ አበባና የደብረ ሊባኖስ ሙታን ይህን ያህል ጥንቃቄ ካገኙ፥ የሽማግሎችም ቃል ለእነርሱ ምስክር ሆኖ ከተቈጠረ፥ በአሶሳ በኩል ሲደርስ ያው የሽማግሎች ቃል ተረት የሚሆንበት ምክንያት አይገኝም። ኢጣልያ መቍጠር ሲገባት አልቈጠረችም ብሎ የሚከስ ጸሓፊ፥ ከበርታና ከጉሙዝ መንደሮች ስንት ሰው እንደ ተነዳ ማን ቈጠረ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ዐዋጅ ነበረ ብሎ ወደ 1916 ዓ.ም. ይሸሻል። ዐዋጁ ለአዋጁ ጌታ ምስጋና ይሆናል፤ ለተነዳው ሰው ግን ምስክር አይሆንም።

በዚህ ስፍራ ሳይታሰብ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከኢጣልያ እጅ ያስለቀቁት ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። ከገዛ አገራቸው ከሊዮፖልድ ዘመን ግፍ ተርፈው የተወለዱ ሰዎች መሆናቸውን በአሶሳ ያየ ሰው አላሰበው ይሆናል። በኮንጎ ስለ ሞተው ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚደረገው ክርክር ሳይፈታ የቀረው፥ ገዥው አስቀድሞ ሕያዋኑን ስላልቈጠረ ነው፤ ይገቡ የነበሩት የጎማው ቅርጫቶች ግን ይመዘኑ ነበር። በአሶሳም የወርቁ ሚዛን ነበረ። ሕያዋን ባልተቈጠሩበት አገር ሙታንን በትክክል መቍጠር አይቻልም፤ ስለዚህ በቤኒ ሻንጉል ነገር ላይ ቍጥር አምጡ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ሊቀርብ የማይችለውን ማስረጃ እየጠየቀ ክሱን እንደ ረታ መቍጠሩ ነው። ለእንዲህ ያለው ዘመን የሚስማማው የስምና የመንደር መዝገብ ነው፤ ከዚህ መንደር እነ እገሌ ተወሰዱ፥ አልተመለሱም የሚል።

የኋለኛው ዘመንም ከዚሁ አልወጣም። በ1982 ዓ.ም. የኦሮሞ ነፃነት ግንባር በሻዕቢያ እርዳታ አሶሳን በያዘ ጊዜ፥ ከድርቁ በኋላ ከወሎ ተወስደው በዚያ የሰፈሩ ሰዎች ተገደሉ። በከተማይቱ አጠገብ በጾሬ የነበሩት የሱዳን ስደተኞችም መጠጊያቸውን ጥለው ሸሹ። ይህን ግድያ ለማውገዝ አፉን የከፈተው ደርግ፥ ገና በሰኔ 1980 ዓ.ም. ሐውዜንን በገበያ ቀን በአውሮፕላን የደበደበ መንግሥት ነበር። የ1927ቱ ክስ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ፤ እውነተኛ ነገር በደም በተበከለ አፍ ተነገረ። ደርግን የሚጠላ ሁሉ የወሎ ገበሬዎችን ደም ለመስማት ጆሮ አነሰው። ዌንዲ ጄምስ በ2007 ባወጣችው ሌላ መጽሐፍ የኡዱክ ስደተኞች የዚያን ጊዜ ሽሽት በገዛ ቃላቸው እንዲተርኩ አድርጋለች፤ መጽሐፉ የስደተኛውን ሕይወት በማሳየት ብርቱ ነው። ነገር ግን ለወሎ ሰፋሪዎች እንዲህ ያለ አድማጭ አልተገኘላቸውም፤ የእነርሱ ነገር በሰብአዊ መብት ዘገባ ውስጥ በጥቂት መስመር ታልፎ ይገኛል። አንዱ ምስክር መጽሐፍ ሲያገኝ ሌላው መስመር ማግኘቱ፥ አንዱ ከሌላው ይልቅ ስለ ተበደለ አይደለም፤ ጸሓፊ ስለ ደረሰለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በዳንጉርና በጃዊ ወረዳዎች ሁከት በተነሣ ጊዜ ከሞቱት መካከል ጉሙዞች ይገኙባቸዋል። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡን በተኛበት ወርረው ገደሉት፤ ቤቱንም አቃጠሉት። ስለዚህ ዘመን የሚጽፉትን ሰዎች ሥራ ያነበበ ሰው፥ ጃዊን የሚጽፈው በኩጂን፥ በኩጂን የሚጽፈው ጃዊን እንደሚዘነጋ ያያል። አንዱ የወገኑን ሙት በስም ሲጠራ የማዶውን ሙት ታጣቂ ወይም ሽፍታ ብሎ ይዘጋዋል። ሻንቅላ የሚለው የዜና መዋዕል ቃል ከወረቀት ላይ ቢፋቅም ሥራውን ሌላ ቃል ወርሶት ይሠራል።

ስለ በኩጂ ሁለት ቍጥር ወጥቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወዲያው ባወጣው መግለጫ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ አለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኛ 207 ሬሳ መቀበሩን ተናገረ። ወዲያው በቍጥሩ ልዩነት ላይ ክርክር ተነሣ፤ አንዱ መንግሥት አሳነሰ፥ ሌላው ወሬኛ አበዛ አለ። ሁለቱም ቍጥሮች የወጡበት ቤት ግን የታወቀ ነው። ፊተኛው እሳቱ ሳይበርድ፥ ተደብቆ የሞተው ከጫካ ሳይወጣ የተነገረ የመጀመሪያ ቀን ቍጥር ነው፤ ከመቶ በላይ ማለቱም በሩን ክፍት ትቶታል። ኋለኛው መቃብር የቈፈሩት ሰዎች ቍጥር ነው።